የሐዲያና የከምባታ ጓሮ መድኃኒት ለምን ምስክር አጣ?

ሆሳዕና ላይ የሚገኘው ትልቁ ሆስፒታል የሚጠራው በሐዲያዋ ተወላጅ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት በነበሩት በንግሥት እሌኒ ስም ነው። ቁርጥማት ለጠናበት ሰው በሐኪም የሚታዘዘው እንደ ዲክሎፌናክ ያለ መድኃኒት በብዙ ሕሙማን ላይ ተፈትኖ የመጣ ነው። ከከተማዋ ወጥተን እስከ ዱራሜ ስንዘልቅ በየደጁ የምናየው እንሰት ግን ሌላ ታሪክ አለው። አጥንቱ ለተሰበረ ወይም መገጣጠሚያው ለወለቀ ሰው ተለይቶ የሚቀቀል የእንሰት ዓይነት አለ፤ በጎረቤት ጉራጌ «አስታራ» የሚባለው ዝነኛው ነው። ወጌሻው ስብራቱን ያስራል፣ ቤተሰቡም አሚቾውን ከወተት ጋር ያቀርባል። ለመሆኑ ይህ መድኃኒት ይሠራልን?

«አያት ቅድመ አያቶቻችን ድነውበታል» የሚለው መልስ የሚናቅ ባይሆንም በቂ አይደለም። የተሰበረ አጥንት በጊዜው ይጠግናል፤ ቁርጥማትም ሲነሣና ሲበርድ ይኖራል። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር እ.ኤ.አ. በ1955 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ መድኃኒት መስሎ የቀረበ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ሕሙማን መካከል 35 ከመቶ ያህሉ እፎይታ ማግኘታቸውን አመለከቱ። ስለዚህም ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ታማሚውም ሐኪሙም የትኛው እንደ ተሰጠ ሳያውቁ፣ የሕመሙን መጠን ከ0 እስከ 10 እያስቆጠሩ ማነጻጸር ግድ ሆነ።

ፈተና የሚያሞግስ ብቻ ሳይሆን የሚያጋልጥም ነው። ከአኻያ ዛፍ ልጥ የጥንት ዕውቀት የተወለደው አስፕሪን እ.ኤ.አ. በ1899 ለገበያ ቢቀርብም፣ ሕመምን እንዴት እንደሚያስታግሥ ጆን ቬን ያስረዱት በ1971 ነው። በአንጻሩ ለመገጣጠሚያ ሕመም በ1999 የተፈቀደው ቫዮክስ፣ የልብ ድካምንና የአንጎል ምትን እንደሚያባብስ ተረጋግጦ በመስከረም 2004 ከዓለም ገበያ ወጣ። በእኛም አገር ወጌሻ አጥብቆ ባሰረው ስብራት ምክንያት እጅ እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት በሐኪሞች ጽሑፍ ተመዝግበዋል።

ይህን መሰሉ ምርመራ ከአቅማችን በላይ ነው የሚል ካለ ታሪክ ይመልስለታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ወንዝ ግርጌ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው የቢልሃርዝያን መተላለፊያ የሚቆርጥ ምርምር ጀመሩ። ዳማከሴም ትኩሳትን እንደሚያበርድ በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ተፈትኖ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። ከአይጥ ወደ ሰው መሻገሪያው ድልድይ ግን እስካሁን ጠባብ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፖሊሲ፣ የባህል መድኃኒት ጠቃሚ ገጽታ ተጠንቶ ቀስ በቀስ ከዘመናዊው ሕክምና ጋር እንዲዋሃድ ቃል ገብቶ ነበር። ቃሉ ከተሰጠ ከ30 ዓመት በላይ ሆነው።

የእንሰቱ ፈተና ደግሞ ወጪው ያን ያህል አይከብድም። ሐኪሙ ለሁሉም እኩል ሕክምና ሰጥቶ፣ ለአንደኛው ወገን መድኃኒት የሚባለውን ዓይነት፣ ለሌላው ተራውን እንሰት አስቀቅሎ ማቅረብ ነው፤ ልዩነት ካለ ይታያል፣ ከሌለም ይታወቃል። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን የሚያሠለጥነው እዚያው ሆሳዕና ነው፤ ገበሬው ዕውቀቱን፣ ምሁሩ መለኪያውን ይዘው ለመገናኘት ሩቅ መንገድ አይጠብቃቸውም።

የሚያሳስበው ጊዜው ነው። አጠውልግ የተባለው የእንሰት በሽታ መንስኤ በሳይንስ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ ዛሬም ማሳ ያደርቃል። በጥቂት ጓሮ ብቻ የቀረ ዝርያ አንዴ ከጠፋ፣ ፈዋሽ ነበር ብሎ መመስከርም፣ አልነበረም ብሎ መከራከርም አይቻልም። የአባቶችን መድኃኒት መፈተን አባቶችን መናቅ አይደለም፤ ሳይፈተን እንዲጠፋ መተው ግን ንቀት ነው።