የቤተሰብ ፎቶግራፍና የዘማች ትዝታ

ታሪክ በብራና፣ በድንጋይና በአንደበት ብቻ ተጽፎ አልቀረም። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በብርሃንም ሲጻፍ ኖሯል፤ ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ራሱ ከግሪክ የተገኘና «የብርሃን ጽሕፈት» ማለት ነው። ይሁን እንጂ የአገራችን ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ፎቶግራፍ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ለገጽ ማስዋቢያ እንጂ እንደ ማስረጃ ተመርምሮ አይደለም። ከፎቶግራፎችም ውስጥ የነገሥታቱና የመኳንንቱ ሲጠበቅ፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የተራው ዘማች ምስል ግን የአንድ ቤተሰብ የግል ጉዳይ ተደርጎ ሲታለፍ ቆይቷል። ዛሬ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው እንደ ገላን ወዳሉ አዳዲስ መንደሮች በሚዛወሩበት ወቅት ይህ ምስል ምን እንደሆነ፣ ምን እንደተሸከመና ለማን እንደሚናገር መመርመሩ ወቅታዊ ጉዳይ ነው።

ካሜራው ወደ አገራችን ሲገባ

በኢትዮጵያ ምድር ፎቶግራፍና ጦርነት አብረው ነው የተዋወቁት። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከመድፉና ከዝሆኖቹ ጋር የፎቶግራፍ መሣሪያ ይዞ ነበር። የጦሩ መሐንዲሶች ያነሷቸው የመቅደላ ምስሎች ስለ አገራችን ከሚገኙት ቀደምት ፎቶግራፎች ይቆጠራሉ። ከዚያው ዘመቻ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር የተወሰደው የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 በዊት ደሴት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በተባለች ዝነኛ ባለሙያ ፎቶግራፍ ተነሥቷል። አባቱን፣ እናቱንና አገሩን በጥቂት ወራት ውስጥ ያጣው ሕፃን ዓይኖቹን ሰብሮ ይታያል። ልጁ አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በ18 ዓመቱ አርፎ በዊንዘር ተቀበረ። ያ ምስል ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ እንኳ የአንድን ልጅ ናፍቆት ከማንኛውም የዘመቻ ሪፖርት ይልቅ አጉልቶ ይናገራል።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው የዓድዋ ድል በሕዝባችን ዓይነ ኅሊና የተቀረጸው በሠዓሊ ብሩሽ እንጂ በካሜራ አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስን ከላይ፣ ወገንን ፊት ለፊት፣ ጠላትን በጎን ገጽ የሚያሳየው ባህላዊ ሥዕል ስለ ድሉ ትርጉም ብዙ ይናገራል። የአንድን ስም የለሽ ጋሻ ጃግሬ እውነተኛ ፊት ግን ሊያቆይልን አልቻለም። ተራው ወታደር በመልኩ ከታሪክ ፊት የሚቆምበት ጊዜ ገና አልደረሰም ነበርና።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥቱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ በዚሁ ሙያ ቀጠሉ። በዚያ ዘመን ካሜራ የሥልጣን ባልደረባ ነበር። ፎቶግራፍ ምን ያህል የፖለቲካ ጉልበት እንዳለው በ1909 ዓ.ም. ከልጅ ኢያሱ ውድቀት ጋር ተያይዞ ታይቷል። ልጅ ኢያሱን በእስልምና አለባበስ ያሳያል ተብሎ የተሠራጨው፣ በማቀነባበር የተሠራ ነው ተብሎም በሰፊው የሚነገርለት ምስል ከዚያ ታሪክ ጋር አብሮ ይነሣል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ፎቶግራፍ እንደማንኛውም ምስክር ይጠየቃል እንጂ በደፈናው አይታመንም።

የዘማቹ ምስል

በጥንቱ ሥርዓት አንድ ጀግና ከቤቱ ርቆ በወደቀ ጊዜ ለቅሶው የሚወጣው ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻውና ጠመንጃው፣ ልብሱም በአልቃሾች እጅ ተይዞ ነበር። አስከሬን በሌለበት ዕቃው የሰውየው ምትክ ይሆናል። ፎቶ ቤቶች ከዋና ከተማው አልፈው በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ሲከፈቱ ይህን ቦታ ምስሉ ወረሰው። አልቃሿ ፎቶግራፉን ከፍ አድርጋ እየዞረች ሙሾ ታወርዳለች፤ ለቀስተኛውም ያንን ፊት እያየ ያለቅሳል። ስለዚህ በገጠሩም ሆነ በከተማው ቤት ከቅዱሳን ሥዕል አጠገብ በመስታወት የተሰቀለው የወታደር ምስል ጌጥ ብቻ አልነበረም። የሚመጣውን ክፉ ቀን ባይሹትም ያሰቡበት፣ ለመርዶ ቀን የተቀመጠ ዕቃ ጭምር ነበር።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ነው። በራስ መኰንን ፈረስ ስም የተሰየመው የመጀመሪያው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሣ። ሐዲዱ የሚያልፈው በአቃቂ በኩል ነበርና፣ ዛሬ የገላን ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ከሚታዩበት አካባቢ ብዙም ሳይርቁ ነው እነዚያ ወጣቶች በዱከምና በቢሾፍቱ አድርገው ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመርከብ ወደ ፑሳን የሄዱት። እ.ኤ.አ. እስከ 1953 የተኩስ አቁም ስምምነት ድረስ በተፈራረቁት ሻለቆች ውስጥ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲወድቁ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ አንድም ወታደር አልተማረከም። በዚያ ዘመን አቡጀዲ ለብሶ ከቤቱ የወጣ ወጣት በክረምት ካፖርትና በብረት ቆብ ተነሥቶ በረዶ ላይ ቆሞ የሚያሳይ ምስል ወደ አገር ቤት ሲልክ፣ እናት ልጇን ብቻ ሳይሆን በረዶ የሚባለውን ነገር ጭምር ነው ያየችው። ዓለም ወደ ጎጆዋ የገባው በአንድ መዳፍ በማትሞላ ወረቀት ነበር።

ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የሶማሊያ ጦር ወረራ ሲገፋ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ገበሬ ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር ጎረፈ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. በካራማራ የተገኘው ድል የእነዚህም ደም ያለበት ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጥቶ ወጣቶች በየዙሩ መግባት ሲጀምሩ የወታደር ፎቶግራፍ የማይገኝበት ቀበሌ አልነበረም ማለት ይቻላል። ብዙው ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣው ጉርድ ፎቶግራፍ የመታወቂያው ነው፤ የመጀመሪያው ቁም ፎቶግራፍ ደግሞ የደንብ ልብሱ። ከጀርባው «ለማስታወሻ» ተብሎ ቀንና ቦታ ይጻፍበታል። ያቺ የብዕር ጽሕፈት ዛሬ ከፊት ለፊቱ ምስል ያላነሰ ዋጋ አላት። ጦሩ የት እንደነበረ፣ ልጁ በየትኛው ወር በሕይወት እንደነበረ የምታስረዳው ብቸኛ ሰነድ የምትሆንበት ጊዜ አለና።

የተደበቀው አልበም

ፎቶግራፍ ግን የሚያኮራውን ያህል ያስፈራል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ፋሽስት ወታደሮች የፈጸሙትን ግፍ ለራሳቸው ማስታወሻ እንዲሆን ያነሷቸው ምስሎች፣ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ዘመን ምስሎች ጭምር፣ ከነፃነት በኋላ በራሳቸው ላይ የተመሠከሩ ማስረጃዎች ሆነዋል። ገዳዩ ለትምክህት ያነሣው ለተገዳዩ ወገን ምስክር ሆኖ ቆመ።

በሌላ በኩል መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የቤተሰብ አልበም ይመረመራል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ወይም ኒሻን የሚታይበት ፎቶግራፍ ከግድግዳ ወርዶ ሳጥን ውስጥ ገባ። የኮሪያ ዘማቾችም ዝናቸው አብሮ ደበዘዘ፤ ወዳጅነቱ ከሰሜኑ ኮሪያ ጋር በሆነበት ዘመን በደቡቡ ስላደረጉት ተጋድሎ የሚያወሳ መድረክ አልነበረም። በቀይ ሽብር ጊዜ ጓደኛሞች በአንድነት የተነሡት ምስል ለፍለጋ ይጠቅማል ተብሎ ስለተፈራ እናቶች የልጆቻቸውን መልክ በገዛ እጃቸው ከምድጃ ጨመሩት። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ያ ግዙፍ ጦር ሲበተን ደግሞ የደንብ ልብስ ለብሶ የተነሣ ሰው ምስሉን ቀደደ፣ ቀበረ፣ ወይም ማዕረጉን ከትከሻው ላይ በመቀስ ቆርጦ ፊቱን ብቻ አስቀረ። እነዚህ የተቆረጡ ፎቶግራፎች ስለ ዘመኑ ፍርሃት ከሙሉዎቹ ይልቅ ይናገራሉ።

በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የዚህን ሁሉ ትርጉም በአንድ ክፍል ያሳያል። በግድግዳው ላይ የተደረደሩት የሟቾች ፎቶግራፎች አብዛኞቹ የትምህርት ቤትና የመታወቂያ ጉርዶች ናቸው። ምስሎቹ የተነሡት ለምዝገባ እንጂ ለሐዘን አልነበረም። ከየቤተሰቡ ሣጥን ወጥተው ጎን ለጎን በቆሙ ጊዜ ግን የአንድ ትውልድ ምስል ሆኑ። ፎቶግራፍ ሲጋሩት ምን እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከገላን ግድግዳዎች ላይ

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በአዲስ አበባ ከተጀመረበት ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ከተማዋ ወደ ደቡብ ስትሰፋ የአቃቂ ቃሊቲ ሜዳዎች በባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ተሞልተዋል። ገላን ከእነዚህ አንዱ ነው። ነዋሪውን ያሰባሰበው ዕጣ እንጂ ትውልድ ወይም ዕድር አይደለም። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር ሰፈር ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ የተዛወረው ወደዚሁ አቅጣጫ፣ ወደ ገላን ጉራ ነበር። የካዛንቺስ ስም ራሱ ኢንቺስ ከተባለው፣ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት የመጣ ነው። ሰፈሩ በፈረሰ ጊዜ ስሙ በአፍ ቀረ፤ ገጽታው ግን ተነሥቶ የቀረው በየቤቱ አልበም ውስጥ ነው፤ በሠርግ፣ በጥምቀት፣ ወይም አንድ ወታደር ፈቃድ ወጥቶ በር ላይ በተነሣው ምስል ጀርባ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የፎቶግራፉ ባለቤት የሚያየው ፊቱን ነው፤ እንግዳው የሚያየው ጀርባውን ነው። እናት ልጇ ከሳ ወፈረ ትላለች። ከልጁ ኋላ ያለውን የአስመራን ጎዳና፣ የምጽዋን ወደብ፣ የሐረርን ግንብ ወይም የድሬዳዋን ባቡር ጣቢያ የሚለየው ግን እዚያ የኖረው ጎረቤት ነው። በኮንዶሚኒየም ቡና ተፈልቶ አልበም ሲዘረጋ፣ ወይም በብሎኩ ኮሚናል ውስጥ ለቅሶ ተቀምጦ የሟች ፎቶግራፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ አንዱ የትውልድ አገሩን በሌላው ሐዘን ውስጥ ያገኛል። ናቅፋ ግንባር የነበረ ጡረተኛ የማያውቀውን ወጣት የደንብ ልብስ አይቶ ክፍለ ጦሩን ሊናገር ይችላል። መቃብሩን ለማያውቅ ቤተሰብ ደግሞ ይህች ቃል ብቻዋን ግማሽ መቃብር ናት። በዕጣ የተሰበሰበው ሰው ጎረቤት የሚሆነው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ይህም ሲባል ፎቶግራፍ ሁሉንም ያስታርቃል ማለት አይደለም። የአንዱ ጀግና ለሌላው ቤት መርዶ ያመጣ ሊሆን ይችላል፤ በእርስ በርስ ጦርነት የሁለቱም ወገን ልጆች በአንድ ሕንፃ ላይና ታች ተሰቅለው ይገኛሉ። ቢሆንም ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ ነገር መካድ አይቻለውም። ሁለቱም ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ነበሩ፤ የሁለቱም ምስል ከጀርባው «ለማስታወሻ» ይላል።

ምን ይደረግ?

የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በአግባቡ ከተያዘ ረጅም ዘመን ይቆያል። ባለ ቀለሙ ግን እየቀላ፣ እየገረጣ በመጥፋት ላይ ነው። እርጥበትና የአልበም ሙጫ የቀረውን ይጨርሱታል። ከወረቀቱ ይልቅ ፈጥኖ የሚያልፈው ደግሞ ምስሉን የሚያብራራው ሰው ነው። ስም የሌለው ፎቶግራፍ የዲዳ ምስክር ነው፤ ፊቱ ይታያል፣ ቃሉ አይሰማም።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻቸው ከየቤታቸው አንዳንድ ፎቶግራፍ አምጥተው የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመቱን ከአያቶቻቸው አንደበት እየጠየቁ እንዲጽፉ ቢያደርጉ፣ በአንድ መንፈቅ የሚሰበሰበው ታሪክ ከአንድ መጽሐፍ አያንስም። የወረዳ የባህል ኃላፊዎች በየኮሚናሉ አዳራሽ የነዋሪዎችን ፎቶግራፍ ዋናውን ለባለቤቱ መልሰው፣ በባለቤቱም ፈቃድ ቅጂውን በማሳየት ዐውደ ርዕይ ሊያዘጋጁ ይችላሉ። ይህ እንደሚቻል ከየቤተሰቡ አልበም የተውጣጡ ምስሎችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ አሳይቷል። ለደራሲው፣ ለሠዓሊውና ለተዋናዩም በዚህ ክምችት ውስጥ አልባሳት፣ የፀጉር አሠራር፣ የቤት ዕቃ፣ የአቋቋም ሥርዓት፣ ከዚህም ሁሉ በላይ የሰው ፊት ይገኛል።

ቸኩሎ መሥራት የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ1943 ዓ.ም. በአቃቂ በኩል ካለፈው ባቡር ተሳፋሪዎች ዛሬ ሊናገር የሚችለው እጅግ ጥቂት ነው። የካራማራ ዘማች ሽበቱ ነጥቷል፤ በ1983 ዓ.ም. ወደ ቤቱ የተበተነው ወጣት ወታደር ራሱ አያት ሆኗል። የምስሉን ጀርባ ገልብጦ ስሙን የሚያነብ፣ ከሌለበትም በእርሳስ የሚጽፍ እጅ የሚያስፈልገው እነርሱ ሳሉ ነው።