የወሎ ማሽላ፣ የእጀሬ ስንዴ፦ ዘሩን ማን አቆየው?

በወሎ ገበሬ ዘንድ «ወተት በጉንጬ» የሚባል የማሽላ ዓይነት አለ። ገበሬው ስሙን ያወጣው እሸቱን ጠብሶ፣ ቀምሶ፣ ለይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ዘሮችን መርምረው፣ ላይሲን የተባለው ለሰውነት እጅግ አስፈላጊ የሆነ የፕሮቲን ክፍል በብዛት የሚገኝባቸውን ሁለት ዘሮች አገኙ። ሁለቱም ከዚሁ ከወሎ ወገን ነበሩ። ግኝቱ ሊቃውንቱን አስደነቀ። በዚያው ዓመት የወሎ ገበሬ በረሃብ ይረግፍ ነበር።

ይህ ብቻውን የቆመ ታሪክ አይደለም። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ዞሮ ስንዴና ገብስ ሰብስቦ ሄዷል። የካሊፎርኒያን የገብስ እርሻ ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨውን የቫይረስ በሽታ የሚቋቋመው ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ዛሬ በሎስ አንጀለስና በሳንሆዜ የሚኖረው ወገናችን ይህን ቢያውቅ አይጎዳም። ዘሩን ስንት ትውልድ ሙሉ ሲመርጥ ለኖረው ገበሬ ግን ምን ተመለሰለት? ዕውቀቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈስ ነበር።

ይህን መንገድ ለመለወጥ የተደረገው ሙከራ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1976፣ በምዕራብ ጀርመን መንግሥት የቴክኒክ እርዳታ የዕፅዋት ዘረመል ሀብት ማዕከል በአዲስ አበባ ሲቋቋም ነው። ማዕከሉ ዘር የሚያስቀምጥበት ቀዝቃዛ ክፍል ነበረው። ቀዝቃዛ ክፍል ግን በየትኛውም አገር ሊሠራ ይችላል። ማዕከሉን ከሌሎቹ የለየው ከ1979 ጀምሮ በመሩት በዶክተር መላኩ ወረደ ዘመን የተያዘው ሐሳብ ነው። ዶክተር መላኩ በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ የሰብል ሊቅ ሲሆኑ፣ ገበሬውን ዘር ተቀብሎ የሚዘራ ተረጂ ብቻ አድርገው አላዩትም። የሙያ ባልደረባ አድርገው ቆጠሩት እንጂ።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ የዚህን ሐሳብ ትክክለኛነት በመራራ መንገድ አሳየ። የራበው ገበሬ በመጨረሻ የሚበላው ለዘር ያስቀመጠውን ነው። ዘሩ ከተበላ ደግሞ ዝናብ ቢመጣም የሚዘራ የለም። በመርከብ የገባው እህል ነፍስ አድኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። ሆኖም ብዙው ለመብል እንጂ ለወሎ ተዳፋት ለዘር የሚሆን አልነበረም። የማዕከሉ ሠራተኞች ድርቅ ወደመታቸው አካባቢዎች ሄደው ከመጥፋቱ በፊት የተረፈውን ዘር ለቀሙ፤ ለገበሬው መልሶ የሚሰጥ የመጠባበቂያ ዘርም አዘጋጁ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ ዩኒታርያን ሰርቪስ ኮሚቴ የተባለው የካናዳ ድርጅት ከሌሎች የካናዳ ድርጅቶች ጋር ሆኖ ከማዕከሉ ጋር እጅ ለእጅ ተያያዘ። «ሲድስ ኦቭ ሰርቫይቫል» የተባለው ፕሮግራም የተወለደው ከዚህ ነው፤ በአማርኛ «የመትረፊያ ዘር» ቢባል ያስኬዳል። የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነበር። ካናዳውያኑ ገንዘብና ግንኙነት አመጡ፤ ማዕከሉ ዘሩንና የምርምሩን ሥርዓት አቀረበ፤ ገበሬው መሬቱንና ዓይኑን ሰጠ። ዓይኑን መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። በወሎና በሸዋ ማሽላው፣ በሸዋም የአገሩ ስንዴ ገና በማሳ ላይ ሳለ የተሻለውን ዛላ የሚለዩት ገበሬዎቹ ራሳቸው ነበሩ። የቱ ለእንጀራ፣ የቱ ለጠላ፣ የቱ በጎታ ውስጥ ነቀዝ እንደሚችል የሚያውቁት ደግሞ ሴቶቹ ናቸው። ይህን የሚነግር ቤተ ሙከራ አልነበረም። ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ባለሙያዎችም በኢትዮጵያ ሠልጥነው አሠራሩን ወደየአገራቸው ወሰዱ፤ ረሃብተኛ በመባል ብቻ ትታወቅ የነበረችው አገር አስተማሪ ሆነች ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ዶክተር መላኩ «አማራጩ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ቀና ሆነ ማለት አይቻልም። በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በአንድነት የሚያቀርብ የኤክስቴንሽን ፓኬጅ በሰፊው ሲያሰራጭ፣ የአገሩ ዘር እንደ ኋላ ቀርነት ምልክት መታየት ጀመረ። መንግሥታዊ ያልሆኑት ድርጅቶችም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ እያንዳንዱ የየራሱን ሪፖርት ለየራሱ ለጋሽ የሚጽፍ ነው፤ የጎረቤቱን ለማንበብ ጊዜ የለውም።

ትብብር የሚል ስም ያለው ሁሉም ትብብር እንዳልሆነ የጤፍ ጉዳይ ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጥቅም ሊያካፍል ከኢትዮጵያ ጋር ተዋዋለ፤ በጎን ግን በጤፍ ዱቄት ላይ በአውሮፓ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ። በ2009 ከሰረ። ለኢትዮጵያ የደረሳት ገንዘብ 4 ሺህ ዩሮ ብቻ ነበር። መብቱ በኔዘርላንድ ውስጥ በሄግ ፍርድ ቤት የተሰረዘው በ2018 ነው።

በእጀሬ፣ በምሥራቅ ሸዋ፣ ገበሬዎች የራሳቸው የማኅበረሰብ የዘር ባንክ አላቸው። ውሉም ቀላል ነው፤ ገበሬው በዘር ወቅት የአገሩን ስንዴ ይበደራል፣ በመኸር ጊዜ ከትንሽ ጭማሪ ጋር በዓይነት ይመልሳል።