አፏን ያልፈታች ኮከብ

ታሪክ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው የተናገረ፣ ያስጻፈ ወይም ያስገነባ ሰው ነው። ዜና መዋዕል ያለው ንጉሥ፣ ሐውልት ያቆመ ጀግና፣ ደብዳቤው በመዝገብ ቤት የተቀመጠለት መልእክተኛ… ቃል ያልተወ ነገር ሁሉ ታሪክ የሌለው ይመስለናል። እኔ ግን ዛሬ ለውድ አንባቢያን የማቀርበው ቃል የሌላት፣ ያላት አቧራ ብቻ የሆነች የአንዲት ኮከብ ታሪክ ነው። ሰዎች ለሁለት ሺህ ዓመታት ያህል በየዘመናቸው ጠየቋት። አንዱ ቦታዋን፣ አንዱ ርቀቷን፣ አንዱ ድምፅዋን ፈለገ። እርሷ ግን ትልቁን መልስ የሰጠችው ማንም ባልጠየቃት ነገር ነበር። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የእኛ መሆኑ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮከቢቱ ኤፕሲሎን ኤሪዳኒ ትባላለች። በታኅሣሥ መጨረሻና በጥር፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ መብራት በማይበዛበት የአገራችን ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ያንጋጠጠ ሰው ያለ መነጽር ሊያያት ይችላል። ከአናት ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ፣ ኦርዮን ከሚባለው ኅብረ ከዋክብት በስተ ምዕራብ የምትገኝ ደብዘዝ ያለች ነጥብ ናት። በዙሪያዋ የተሰለፉት ከዋክብት እንደ ወንዝ እየተጠማዘዙ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ። የጥንት ግሪኮችም ይህን ሰልፍ ኤሪዳኑስ፣ የሰማይ ወንዝ አሉት። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ተቀምጦ ከ1000 በላይ ከዋክብትን የመዘገበው ፕቶሎሚ «ወንዝ» ባለው ክፍል ውስጥ 13ኛ አድርጎ አሰፈራት። የዛሬ መጠሪያዋን ያገኘችው ግን ጀርመናዊው ዮሐን ባየር በ1603 ባሳተመው የከዋክብት ካርታ ላይ የግሪክ ፊደል ሲያድላት ነው።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላልና፣ ወንዙ የትኛው ወንዝ ነበር? ግሪኮች ራሳቸው አልተስማሙበትም። አንዳንዶቹ በጣሊያን የሚፈሰው ፖ ነው አሉ። የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በነበረው በኤራቶስቴንስ ስም የሚታወቀው የከዋክብት ድርሳን ግን ከደቡብ የሚነሣ ወንዝ እርሱ ብቻ ነውና ዓባይ ነው ይላል። የወንዙ ተረትም ከእኛ ስም ጋር የተቆራኘ ነው። ፋኤቶን የፀሐይ አምላክ ልጅ ሲሆን፣ እናቱ ክሊሜኔ የኢትዮጵያውያን ንጉሥ የሜሮፕስ ሚስት ነበረች። (የግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» የዛሬዋን አገራችንን ብቻ የምታመለክት እንዳልነበረች አይዘነጋም።) ልጁ የአባቱን የፀሐይ ሠረገላ ልንዳ ብሎ ለመነ፤ ፈረሶቹ አልታዘዝ አሉት፤ ምድርም ተቃጠለች። ዜውስ በመብረቅ ሲመታው ኤሪዳኑስ ውስጥ ወደቀ። ሮማዊው ኦቪድ ይህን ሲተርክ በዚያ ቃጠሎ ዓባይ ደንግጦ ወደ ዓለም ዳርቻ እንደ ሸሸና ራሱን እንደ ደበቀ ያክላል። ምንጩ ያልታወቀ ወንዝ በጥንቱ ዓለም ዘንድ እንዲህ ያለ ምሥጢር ነበር። ይህን «የተደበቀ ራስ» አንባቢ በልቡ ያቆይልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ቦታዋን ከጠየቁት በኋላ ርቀቷን የጠየቀ መጣ። አሜሪካዊው ዊሊያም ኤልኪን ከ1881 እስከ 1883 በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ፣ በኬፕ የንጉሣዊው የከዋክብት ማጥኛ ሆኖ ለካት። ዘዴው ቀላል ነው። አውራ ጣታችንን ዘርግተን አንዱን ዓይን ከዚያም ሌላውን ብንጨፍን ጣታችን ከኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ሲዘል ይታየናል፤ ምድርም ፀሐይን ስትዞር ቅርብ ኮከብ ከሩቆቹ አንጻር እንዲሁ ትንቀሳቀሳለች። ኤልኪን ያገኘው ርቀት ከእውነተኛው ከእጥፍ በላይ ነበር። ዛሬ 10.5 የብርሃን ዓመት እንደሆነ ይታወቃል። ያም ማለት ዛሬ ማታ ዓይናችን ውስጥ የሚገባው ብርሃኗ ከእርሷ የተነሣው ከዐሥር ዓመት ተኩል በፊት ነው። በከዋክብት ሚዛን ይህ የጎረቤት ያህል ነው።

ጎረቤት ደግሞ ያነጋግሩታል። መጋቢት 30 ቀን 1952 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር (ኤፕሪል 8፣ 1960) ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ፍራንክ ድሬክ የተባለ የ29 ዓመት ወጣት በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ግሪን ባንክ በሚባል ስፍራ 26 ሜትር ስፋት ያለውን የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ወደ ሰማይ አዞረ። ሐሳቡ ሌላ ዓለም ላይ የሚናገር ፍጥረት ካለ ድምፁን ለመስማት ነበር። ለሥራው «ኦዝማ» የሚል ስም የሰጠው ፍራንክ ባውም በጻፋቸው የልጆች ተረቶች ውስጥ ካለች ልዕልት ወስዶ ነው። ፀሐያችንን የሚመስሉ ሁለት ቅርብ ከዋክብትን መረጠ፤ አንዷ ታው ሴቲ፣ ሌላዋ የእኛዋ ኤፕሲሎን ኤሪዳኒ።

ታው ሴቲ ዝም አለች። ቴሌስኮፑ ወደ ኤፕሲሎን ኤሪዳኒ በዞረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ግን መሣሪያው ተንቀጠቀጠ፤ በሰከንድ ስምንት ጊዜ ያህል የሚመታ ብርቱ ምልክት ተሰማ። በዚያች ክፍል የነበሩት ሰዎች ምን እንደተሰማቸው መገመት አያዳግትም። ዳሩ ግን ቴሌስኮፑን ዞር አድርገው ሲመልሱት ምልክቱ የለም። ከቀናት በኋላ ድንገት ሲመለስ፣ ወደ ኮከቧ ባልዞረች ሌላ ትንሽ አንቴና ላይም ተሰማ። ከሰማይ ኮከብ ሳይሆን ከዚሁ ከምድር፣ ምናልባትም በከፍታ ከሚበር አውሮፕላን የመጣ ነበር። ለወራት፣ በጠቅላላው 150 ሰዓት ያህል አዳመጡ፤ ሌላ የተሰማ ነገር የለም። ድሬክ በ2022 አረፈ። ሥራው ግን ከእርሱ በኋላ ለመጣው ፍለጋ ሁሉ በር ከፋች ሆኖ ይታወሳል።

ዛሬ ወደ ኋላ ስናየው የዝምታዋ ምክንያት ግልጽ ነው። ድሬክ ያናገራት ገና አፏን ያልፈታች ሕፃን ነበረች! ይህን እንዴት አወቅን? እኔ በምሠራበት የባንክ መስኮት የሂሳብ መክፈቻ ቅጽ ስሞላ «አባባ፣ የተወለዱት መቼ ነው?» ብዬ የምጠይቃቸው አረጋውያን ዓመተ ምሕረት አይነግሩኝም። «ጣሊያን በወጣ በዓመቱ» ይሉኛል፤ ወይም «በታኅሣሡ ግርግር»። ቁጥሩን አስልቼ የምጽፈው እኔ ነኝ። የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም ለኮከብ ልደት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ከሁኔታዋ ተነሥተው ያሰላሉ። ኮከብ በወጣትነቱ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ሲያረጅ ይዘገያል። ፀሐያችን በ25 ቀን ገደማ አንድ ዙር ስትዞር፣ ኤፕሲሎን ኤሪዳኒ በ11 ቀን ትጨርሳለች። ከዚህና ከሌሎች ምልክቶች ዕድሜዋ ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ዓመት እንደሚሆን ተገምቷል። የፀሐይ ዕድሜ 4.6 ቢሊዮን ነው። ምድራችን በዚያ ዕድሜዋ የሚናገር ፍጥረት ቀርቶ አንዲት ቅጠል እንኳ አልነበረባትም።

በጠባይዋም ሕፃን ናት። ከፀሐይ ያነሰች፣ ክብደቷ የፀሐይ 82 በመቶ፣ ብርሃኗ ሲሶ ያህል የሆነ፣ «ብርቱካናማ ድንክ» ከሚባሉት ወገን ስትሆን፣ ገላዋ በመግነጢስ ኃይል በሚፈጠሩ ጥቁር ነጠብጣቦች የተሞላ ነው። ስትሽከረከር ነጠብጣቦቹ አብረው ስለሚዞሩ ብርሃኗ ጥቂት ከፍ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ ስለዚህም ከተለዋዋጭ ከዋክብት ተቆጥራለች።

ድምፅ ተፈልጎ ሲጠፋ፣ መልሱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በጥር 1983 አሜሪካ፣ ኔዘርላንድና ብሪታንያ በጋራ አይራስ የተባለች ሳተላይት አመጠቁ። ዓይናችን የማያየውን የሙቀት ብርሃን፣ ታሕተ ቀይ ጨረርን፣ ለዐሥር ወራት ያህል ለካች። በየማታው ሂሳብ ለሚዘጋ ሰው የሆነው ነገር እንግዳ አይደለም። ሣጥኑ ሲቆጠር ጉድለት ከተገኘ ሁሉም ይደነግጣል፤ ትርፍ ከተገኘ የዋህ ሰው ደስ ይለዋል። ባለሙያ ግን ትርፉም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ወደ ቤቱ አይሄድም። ሳተላይቷ የጥቂት ከዋክብትን ሂሳብ ስትዘጋ ትርፍ ሙቀት አገኘች። ኮከቡ ብቻውን ሊሰጥ ከሚችለው በላይ የሆነ፣ ከቀዝቃዛ ነገር የሚወጣ ጨረር ነበር። ከእነዚያ ከዋክብት አንዷ ኤፕሲሎን ኤሪዳኒ ነበረች። የትርፉ ባለቤት አቧራ ነው፤ በኮከቧ ዙሪያ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ፣ ብርሃኗን ተቀብሎ፣ ሞቆ መልሶ የሚያንጸባርቅ አቧራ።

ይህ አቧራ ታሪክ የሚሆነው ለምንድን ነው? ደቃቅ አቧራ በኮከብ አጠገብ ዕድሜ የለውም። አንዳንዱን የኮከቡ ብርሃንና ነፋስ ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ሌላው ቀስ በቀስ ወደ ኮከቡ ይወድቃል። ስለዚህ ዛሬ አቧራ ካየን፣ ዛሬም የሚፈጭ ወፍጮ አለ ማለት ነው። የወፍጮው ድንጋዮች ጅራታም ከዋክብትና ሌሎች በረዷማና ድንጋያማ አካላት ናቸው፤ እርስ በርስ እየተጋጩ ይደቅቃሉ። ፕላኔቶች ሲሠሩ ከግንባታው የተረፈው ፍርስራሽ ነው። በ1998 ሃዋይ በሚገኘው የማውና ኬያ ተራራ ላይ ባለ ቴሌስኮፕ የተነሣው ሥዕል ቀለበቱን በግልጽ አሳየ። ከኮከቧ ያለው ርቀት ምድር ከፀሐይ ያላትን ርቀት ከ60 እጥፍ በላይ የሚሆን፣ ውስጡ ሳሳ ያለ ቀለበት ነው። በሥዕሉ ላይ ከታዩት ጉብታዎች አንዳንዶቹ ኋላ ሲመረመሩ ከጀርባ ያሉ ሩቅ ጋላክሲዎች ሆነው ተገኙ፤ ቀለበቱ ግን ጸና። ፀሐያችንም ከኔፕቱን ወዲያ እንዲህ ያለ ቀለበት አላት፤ የእኛው ግን አርጅቶ፣ አብዛኛው አቧራው ተራግፎ ሳስቷል።

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይላሉ አባቶቻችን። የሰማዩ ዓባይም ግንዱን ይዞ ሲዞር ተገኘ።

በ2000 ደግሞ በቀለበቱ ውስጥ ጁፒተርን የመሰለ ግዙፍ ፕላኔት እንዳለ ተነገረ። ፕላኔት ኮከቡን ወዲያና ወዲህ ስለሚስበው፣ የሚታወቀው በዚያች ጥቂት ንቅናቄ ነው። የዚህች ኮከብ ነጠብጣቦችና እረፍት ማጣት ግን ራሳቸው ንቅናቄ ስለሚመስሉ ብዙዎች ለዓመታት ተጠራጠሩ። በ2019 የወጣ ጥናት የ30 ዓመት ልኬቶችን አሰባስቦ ፕላኔቱ ከሰባት ዓመት በላይ በሚፈጅ ምሕዋር እንደሚዞር አሳየ። የሕፃኗን ለቅሶ ከእውነተኛው መልእክት ለመለየት የአንድ ሰው የሥራ ዘመን ያህል ትዕግሥት ጠየቀ።

በ2015 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለእነዚህ ዓለማት ስም እንዲወጣ ሕዝብን ጋበዘ። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ያሉ ታዳጊ ተማሪዎች ባቀረቡት ሐሳብ ኮከቧ ራን፣ ፕላኔቱ ኤጊር ተባሉ። ሁለቱም በኖርዶች ተረት የባሕር ጌቶች ናቸው። ወንዝ ላይ የነበረችው ኮከብ በስሟ ባሕር ገባች፤ የወንዝ ወጉ ይኸው አይደል? በ2019 ደግሞ ተራው ለእኛም ደርሶ፣ ኢትዮጵያ በድርሻዋ ለደረሳት ኮከብ «ቡና»፣ ለፕላኔቱ «አቦል» የሚል ስም አወጣች። ያቺ ኮከብ የምትገኘው ግሪኮች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ባሏት በአንድሮሜዳ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ መሆኑ ደስ ያሰኛል።

አሁን ወደ ተደበቀው ራስ እንመለስ። ማንም ሰው ሲወለድ የሆነውን አያስታውስም። እናቱ ካልነገረችው የራሱን መጀመሪያ አያውቅም። ምድራችንም እንዲሁ ናት፤ የመጀመሪያ ዘመኗን ዓለቶች እሳቱና ውሃው አጥፍተውታል፤ ያንን ዘመን አይቶ የሚነግረን ሽማግሌ የለም። እኛ የወጣንበት ምንጭ ራሱን ደብቋል። ነገር ግን በ10.5 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ አንዲት ሕፃን ኮከብ ያን ዘመን ዛሬ እየኖረችው ነው። ወፍጮዋ ይፈጫል፤ አቧራዋ ይነሣል፤ ፕላኔቷ ይዞራል። የፀሐይ ቤተሰብ ልጅነት ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ የምንችለው እርሷን በማየት ነው። የ1960ዎቹ ሰዎች ከእርሷ የሚፈልጉት ስለ ሌሎች ፍጥረታት ወሬ ነበር፤ እርሷ የያዘችላቸው ግን የራሳቸውን የልደት ታሪክ ነበር።

ይህንኑ በአራት ስንኝ ቋጥሬ ልሰናበት፤

ንገሪን ብለናት፣ አፏን ሳትፈታ፣
ተረከች ለሚያነብ፣ አቧራ ዘርግታ።
ወንዝ ዳር ቆመን ሳለን፣ ድምፁን ስንጠብቀው፣
በያዘው ግንድ ነው፣ ምንጩን የምናውቀው።