ሁለት ጊዜ የተሠራው የራስ ቁር

ለድራማ የወታደር የራስ ቁር ሥሩ ብትባሉ ከምን ትጀምራላችሁ? ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ካርቶኑንና ቀለሙን ነው። ቁሩ አምሮ ያልቃል፤ ተዋናዩ ሲያጠልቀው ግን አንገቱን ማዞር ያቅተዋል። እንዲህ ያለው ስሕተት የጀማሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምም ደርሷል።

እ.ኤ.አ. በ1939 በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሳተን ሁ በተባለ ስፍራ፣ በመርከብ ውስጥ የተዘጋጀ የአንድ ታላቅ ሰው መቃብር ተቈፍሮ ተገኘ። ዘመኑ የሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። ከዕቃዎቹ መካከል የብረት የራስ ቁር ነበረ፤ ነገር ግን መቃብሩ ተደርምሶበት ከ500 በላይ ስብርባሪ ሆኗል።

ሥራው ዕድሜያቸው ከሰባ ላለፈው የብረት ሥራ ባለሙያ ለኸርበርት ማርዮን ተሰጠ። እርሳቸውም በ1945 እና በ1946 የሰው ራስ ከጄሶ ቀርጸው፣ ስብርባሪዎቹን አንድ በአንድ ገጠሙበት። ቁሩ ለሕዝብ ታየ፤ ብዙዎችም አደነቁት።

ውሎ አድሮ ግን ሊቃውንት ጥያቄ አነሡ። ፊቱና አንገቱ በከፊል ተጋልጠዋል፤ የአንገቱ መከላከያም አይንቀሳቀስም። ታዲያ ይህን አጥልቆ እንዴት ይዋጉበታል?

ከዚያም ቁሩ እንደ ገና ተፈታ። ኒጀል ዊልያምስ የተባለ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ የሙዚየሙ ባለሙያ 18 ወር ደከመበት። የስብርባሪዎቹን ጌጥ ብቻ ሳይሆን ጀርባቸውንም መረመረ። ከጀርባቸው ያለው የተጨማደደ ጥቁር ዝገት፣ ውስጡ በቆዳ የተለበጠ እንደ ነበረ ጠቆመ። የጉንጩና የአንገቱ መከላከያዎችም እንዲንቀሳቀሱ ሆነው ተሠሩ። በ1971 ቁሩ እንደ ገና ለሕዝብ ቀረበ፤ በ1973 ደግሞ በዚያ መሠረት አንድ አዲስ ቁር ከብረት ተሠራ።

ማርዮን በ1965 ስላረፉ ሥራቸው ሲፈታ አላዩም። ድካማቸው ግን ከንቱ አልነበረም፤ ጥያቄው ሊነሣ የቻለው እርሳቸው የገጠሙት ቁር ለዓይን ስለ ቀረበ ነው።

እንግዲህ እናንተም ስትሠሩ አስቀድማችሁ የሚያጠልቀውን ሰው ራስ ለኩ። ለስፖንጁ ቦታ ተዉ። በወረቀት ሠርታችሁ ሞክሩት፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይዙርበት። ካልሆነ፣ ያማረውንም ቢሆን ለመፍታት አትፍሩ።