ወረፋው የት ነው የሚቆመው?

ባለፈው ሳምንት ማታ እዚህ ደካ ቤታችን ውስጥ ግርግር ተነስቶ ነበር። የእህቴ ልጅ የርቀት ትምህርቷን በቪዲዮ እየተከታተለች ሳለ መምህሩ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ፈተናዋ ደግሞ ደርሷል። ነገሩ ሲጣራ ጥፋተኛው የኔው ስልክ ሆኖ ተገኘ። ለካ የሰርግ ፎቶዎችን ሳላውቀው ወደ ኢንተርኔት ማስቀመጫ እየጫነ ኖሯል! ስልኬን አጠፋሁ፣ ልጅቷም ቀጠለች። እኔን ግን የታሪክ አስተማሪነት አመሌ አልለቀቀኝም። ይሄ ሽሚያ መቼ ጀመረ?

ተማሪዎቼ፣ ነገሩ ከብዙዎቻችሁ ዕድሜ ይበልጣል። በጥቅምት 1986 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ በሎረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራና በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ መካከል የነበረ መስመር በሰከንድ ከ32,000 ቢት ወደ 40 ቢት ወረደ። በሁለቱ መካከል 400 ሜትር እንኳ አይሞላም። ገመዱ አልተበጠሰም። እያንዳንዱ ኮምፒዩተር መልስ ሲዘገይበት «አልደረሰም» ብሎ ያንኑ ደግሞ ይልካል። ሁሉም ሲደጋግም መንገዱ ተዘጋ። ቫን ጃኮብሰን መፍትሔውን በ1988 አሳተመ፦ ላኪው ቀስ ብሎ ይጀምር፣ የላከው ሲጠፋበት ፍጥነቱን ይቀንስ። ጆን ናግል ደግሞ ቀደም ብሎ በ1985 ሌላ ሐሳብ ጽፎ ነበር፦ ለእያንዳንዱ ላኪ የየራሱ ወረፋ ይኑረው፣ ከየወረፋው በተራ ይውጣ። በካፋ ቤት ቡና ሲቀዳ ታላቅ ይቀድማል፤ እዚህ ግን ጥቂት የያዘው ብዙ ከጫነው ኋላ ተደፍቆ አይቀርም።

እኛ አገርስ? ኢንተርኔት በቴሌ በኩል የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ በሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ፓዲስ የሚባል ክፍል ኢሜል ያመላልስ ነበር። ደብዳቤው ይጠራቀምና በስልክ ጥሪ ባንድ ላይ ይላካል፣ ልክ እንደ ፖስታ ከረጢት። ኢሜል መታገሥ ስለሚችል ያ አሠራር ሠራ። የድምፅ ጥሪና የቀጥታ ትምህርት ግን አይታገሡም።

በ2010 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጂም ጌቲስ የሚባል መሐንዲስ የራሱ ቤት ኢንተርኔት ሲያስቸግረው ምክንያቱን ሲፈልግ አንድ ነገር አገኘ። የቤት ሞደሞች ማጠራቀሚያ ከልክ በላይ ሰፊ ነው። ፎቶው እዚያ ገብቶ ይሞላዋል፣ የልጅቷ ድምፅ ከኋላው ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ ራውተሩ ላይ «ለዚህኛው ቅድሚያ» ማለት ብቻውን አይበቃም። ወረፋው ሞደሙ ውስጥ ከተፈጠረ ራውተሩ ተራ ማስከበር አይችልም።

ዘዴው ግራ ያጋባል ግን ይሠራል። የመስመራችሁን ፍጥነት፣ በተለይ የመላኪያውን፣ ለኩና ራውተሩ ላይ ከዚያ ጥቂት ዝቅ አድርጋችሁ ገድቡት፤ ከ10 እጅ 9 እጅ ያህል ይበቃል። ያኔ ወረፋው ራውተሩ ውስጥ ይሆናል፣ ቅድሚያውም ትርጉም ያገኛል። ራውተራችሁ ይህ ማስተካከያ ከሌለው ደግሞ የፓዲስን መንገድ ያዙ፦ ፎቶና አፕዴት ሁሉ ሰው ሲተኛ ይሂድ።

እኛ ቤት ሁለቱንም አድርገናል። መስመሩ አሁንም ያው ቀርፋፋ ነው፤ መምህሩ ግን አፉን ከፍቶ አይቀርም። እናንተ ቤትስ ማን ነው የሚቀድመው?