ደጃፍና መኪና፦ በአዲስ አበባ ሰፈሮች የማቆሚያ ክርክር አመጣጥ

በአዲስ አበባ የመኖሪያ ሰፈሮች ጎረቤትን ከጎረቤት ከሚያጋጩ ጉዳዮች አንዱ የመኪና ማቆሚያ ነው። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ እንደ ጠባይ ጉድለት ቢታይም፣ ሥሩ ከከተማይቱ አመሠራረት፣ ከቦታ ይዞታ ሥሪትና ከቤት አሠራር ለውጥ ጋር የተሳሰረ ነው። አመጣጡን ለመረዳት አንድ ጥያቄ ማስቀደም ይጠቅማል፤ ይኸውም የሰው መጓጓዣ ከግቢ ወጥቶ መንገድ ላይ ማደር የጀመረው መቼና በምን ምክንያት ነው የሚለው ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መልኳ የጦር ሰፈር ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከጉብታው ላይ ሲተከል መኳንንቱና የጦር አለቆቹ በተመሩት ቦታ ዙሪያውን ሰፈሩ፤ በየአለቃው ግቢ ዙሪያ ደግሞ ወታደሩ፣ አሽከሩና ባለ እጁ ጎጆውን ቀለሰ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስያሜዎች የዚህ አሰፋፈር አሻራዎች ናቸው። በሰፈሮቹ መካከል የቀረው መተላለፊያ በቀያሽ የተለካ ሳይሆን ሰውና አጋሰስ እየተመላለሰ ያወጣው በመሆኑ፣ ስፋቱ ከተጫነ በቅሎ ማለፊያ ብዙም አይበልጥም ነበር። ወደ አንድ መኰንን ግቢ የሚመጣ ባለጉዳይ ከበቅሎው ወርዶ ሲገባ አሽከሩ በቅሎዋን ይዞ ከውጭ ይጠብቃል፤ ሲመሽ ግን እያንዳንዱ እንስሳ የሚያድረው በጌታው ግቢ ውስጥ ነበር። በመሆኑም ደጃፍ፣ ማለትም ከአጥሩ በር ፊት ለፊት ያለው ቦታ፣ የባለ ግቢው ክብር የሚታይበትና እንግዳ ለጊዜው የሚቆምበት እንጂ የማንም መጓጓዣ ማደሪያ አልነበረም።

የመጀመሪያው አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ወደ ከተማይቱ ሲገባ ይህን ልማድ አልለወጠውም። ለብዙ ዓመታት መኪና የቤተ መንግሥቱ፣ የመኳንንቱ፣ የሌጋሲዮኖችና የትልልቅ ነጋዴዎች ንብረት ሆኖ በመቆየቱ፣ መኪና ያለው ሁሉ ሰፊ ግቢም ነበረው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ወቅት የጭነት መኪና ተበራከተ፤ ዛሬ ካዛንቺስ በሚባለው አካባቢም ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። ከነፃነት በኋላ ቮልስና ፊያት የሚነዳ የመንግሥት ሠራተኛና ነጋዴ ሲበራከት የተስፋፋው ቪላ ከፊቱ ባለ ሁለት ተካፋች የብረት በር፣ ከጎኑ መኪና የሚያድርበት ጋራዥ፣ ከጀርባው ሰርቪስ የሚባሉት የሠራተኛና የማብሰያ ክፍሎች ያሉት ነበር። መኪናው እንደ በቅሎው ከባለቤቱ ጋር በአንድ አጥር ውስጥ ያድር ስለነበር፣ የመንገዱ መጥበብ ለማለፍ ቢያስቸግርም ለማደሪያ ክርክር ምክንያት አልሆነም።

ይህን ሥርዓት ከመሠረቱ የለወጠው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው። አዋጁ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ለመኖሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ደነገገ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት የተወረሱ ቤቶች በቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ሆኑ። በዚህ ምክንያት ቀድሞ የአንድ ሰው በነበረ ግቢ ውስጥ ባለቤቱ በዋናው ቤት፣ የቀበሌ ተከራዮች ደግሞ በተከራዩት ክፍሎች እየኖሩ፣ አንድ በር፣ አንድ የውኃ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ የሚጋሩበት አኗኗር ተስፋፋ። በዚያን ጊዜ መኪና ያለው ነዋሪ ጥቂት ስለነበር መዘዙ ወዲያው አልታየም፤ ነገር ግን መኪናን በግቢ ለማሳደር መብቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ያኔውኑ ተወለደ።

ጥያቄው ገሃድ የወጣው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነው። የከተማይቱ ሕዝብ ሲጨምርና የቤት ኪራይ ሲወደድ ባለ ይዞታዎች ባዶ የነበረውን የግቢ ክፍል በሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች ሞሉት፤ ጋራዡም በብዙ ቦታ ሱቅ ወይም መኖሪያ ሆነ። በተመሳሳይ ጊዜ በአብዛኛው ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች በብዛት ገቡ። ስለዚህ መኪናው በረከተ፣ የሚያድርበት ግቢ ግን አነሰ፤ የተረፈው ሁሉ ለበቅሎ ወደተከፈተው የሰፈር መንገድ ወጣ። ነዋሪው ገንዘብ እያዋጣ ያስነጠፈው ኮብልስቶን፣ ማለትም በተጠረበ ድንጋይ የተነጠፈው የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ጭቃውን አስቀርቶ መኪናን እስከ በር ድረስ ቢያደርስም፣ ያዋጣው ሁሉ መንገዱን የራሱ አድርጎ እንዲያይ ገፋፍቷል። ከደጃፉ ላይ ድንጋይ፣ አሮጌ ጎማ ወይም በሲሚንቶ የተሞላ ጀሪካን አስቀምጦ ቦታ የሚይዘው ሰው ይህንኑ ስሜት በተግባር የሚገልጽ ነው። ማለዳ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ለማድረስ የተነሣ አባወራ በሩን ሲከፍት ባለቤቱ ያልታወቀ መኪና ተደቅኖበት ሲያገኝ፣ ጡሩምባው ሰፈሩን ይቀሰቅሳል፤ በመኪናው መስተዋት ላይ የተተወ የስልክ ቁጥር ካለ ነገሩ በይቅርታ ያልቃል፣ ከሌለ ግን ወደ ጠብ ያመራል።

በእንዲህ ዓይነቱ ጠብ ውስጥ ሁለት የተለያዩ አቤቱታዎች ይደባለቃሉ። የመጀመሪያው «መውጫዬ ተዘጋ» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «ከደጄ ላይ ቆመብኝ» የሚለው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለቱን በእኩል አያይም። ይዞታው የታወከበት ሰው በአንቀጽ 1149 መሠረት ሁከት ይወገድልኝ ብሎ ሊከስ ይችላል፤ ይህም አንድ ሰው በእጁ ባደረገው ነገር እንዳይገለገል የሚያደናቅፈው ድርጊት እንዲቆምለት የሚጠይቅበት ክስ ነው። በአንፃሩ መንገድ የሕዝብ አገልግሎት ንብረት በመሆኑ፣ አንድ ሰው ለሃያ ዓመት መኪናውን በአንድ ቦታ ቢያቆም እንኳ በዘመን ብዛት ባለቤት አይሆንበትም። ስለዚህ በሩ የተዘጋበት ሰው ሕግ ሲደግፈው፣ ደጃፉ የተያዘበት ሰው ያለው ድጋፍ የጉርብትና ልማድ ብቻ ነው።

የጋራ መኖሪያ ቤት፣ በተለምዶ ኮንዶሚኒየም የሚባለው፣ ክርክሩን ወደ ሌላ መልክ አሸጋግሮታል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እያንዳንዱ ሰው የቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም በአንድነት ደግሞ የደረጃው፣ የጣሪያውና የግቢው ባለቤቶች እንዲሆኑ አድርጓል። መንግሥት ቤቶቹን በሰፊው መገንባት ሲጀምር የታሰበው አነስተኛ ገቢ ያለው ነዋሪ በመሆኑ፣ በብሎኮቹ መካከል የተተወው ቦታ ለመኪና ብዛት የተመጠነ አልነበረም። በዚያው ቦታ ላይ ልጆች ይጫወታሉ፣ ልብስ ይሰጣል፣ ለሠርግና ለለቅሶ ድንኳን ይተከላል። ሌሊት ሰው የሞተበት ቤተሰብ ድንኳን ለመጣል መኪኖቹ እንዲነሡ ሲጠይቅ ማንም አይከራከርም፤ ለዕለት ተዕለቱ ኑሮ ግን እንዲህ ያለ የማያሻማ ልማድ ገና አልተበጀም።

ይህ ንጽጽር ወደ ዋናው ነጥብ ያደርሳል። በደርግ ዘመን የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ፣ ቀጥሎም ማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ፣ ከእነርሱም ጎን የሰፈር ሽማግሌዎች የጎረቤትን ጠብ ሲያበርዱ ኖረዋል። ሆኖም ሽምግልና የሚሠራው ሁለቱም ወገኖች የሚቀበሉት ደንብ ሲኖር ነው፤ መኪና በደጃፍ ማደሩ ግን የአያቶች ልማድ ያልደረሰበት አዲስ ነገር በመሆኑ፣ ሽማግሌው ማስታረቅ እንጂ መዳኘት ይቸግረዋል። መፍትሔው በራሱ በነዋሪው እጅ ያለ ሲሆን፣ በኮንዶሚኒየም የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ፣ በሌላው ሰፈር ደግሞ ዘበኛ ቀጥሮ የሚያስጠብቀው ኮሚቴ ማን የት እንደሚያቆም፣ እንግዳ የት እንደሚያሳድር፣ የትኛው መውጫ ፈጽሞ እንደማይዘጋ ጠብ ሳይነሣ በፊት ሊወስኑ ይችላሉ። የእድሩን ድንኳንና ወንበር አጠቃቀም በጽሑፍ የደነገገ ሰፈር፣ የመኪናውን ማቆሚያ በይሉኝታ ብቻ ሊተወው አይገባም።