ሽማግሌ የሌለው ሐይቅ

ሚኒሶታ የሚኖር ያጎቴ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። ካፖርት በካፖርት ላይ ደርቦ፣ እንደ ሜዳ በተኛ ነጭ ነገር ላይ በርጩማ አስቀምጦ ቁጭ ብሏል። ከፊቱ የድስት አፍ የምታክል ቀዳዳ አለች። ለካስ የተቀመጠው በረዶ በሆነ ሐይቅ ላይ ነው! በቀዳዳዋ መንጠቆ አውርዶ ዓሣ ያጠምዳል።

«አትሰምጥም ወይ?» ብዬ ደወልኩለት።

ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ ጥርት ያለ በረዶ አሥር ሴንቲ ሜትር ከወፈረ በእግሩ የሚሄድ ሰው ይሸከማል ይላሉ። እኛ የምንፈራው የጀልባ መቆሚያውና ድልድዩ አጠገብ ነው።»

ነገሩን አስረዳኝ። የመቆሚያው ምሰሶ የፀሐይ ሙቀት እየሳበ ዙሪያውን ያሳሳል። አንዳንድ ባለቤቶች ደግሞ በረዶው ምሰሶውን እንዳይሰብርባቸው ከሥር አየር እየነፉ ውኃውን ያንቀሳቅሱታል። በድልድይ ሥርም ውኃው አያርፍም። ከላይ ግን ሁሉም ያው ነጭ ነው። ዓሣው መጠለያ ይወዳልና የሚሰበሰበው እዚያው ምሰሶ ሥር ነው፤ ሰውም ዓሣውን ተከትሎ ይሄዳል።

ይህን ስሰማ፣ ሀደሮ ቁጭ ብዬ የራሳችንን ጉዳይ ማሰብ ጀመርኩ። የእኛ አገር ሐይቅ በረዶ አይሆንም። ሰው የሠራው ሐይቅ ግን አለን።

በልጅነታችን ኦሞ ማለት በጠምባሮ በኩል ቁልቁል ተወርዶ የሚደረስበት፣ አዞና ጉማሬ ያለበት የቆላ ወንዝ ነበር። አዛውንቶች የት እንደሚሻገሩት፣ መቼ እንደሚሞላ ያውቁ ነበር። በ2007 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ግንብ ወንዙን አቆመው። ውኃው 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተኛና ከወላይታና ከዳውሮ አንስቶ የከምባታ ጠምባሮንና የሃዲያን ቆላ ነካ። አዛውንቶቹ የሚያውቁት መሻገሪያም አብሮ ሰጠመ።

ይህ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1952 ዓ.ም. ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሣ አዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ ዓላማው መብራት ነበር። ሐይቁ ግን ቆሮሶና አምባዛ የሚያወጡ አስጋሪዎችንም አፈራ። በ1996 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ አንድም እንደዚያው። ልዩነቱ ጣና ሲሄዱ ይታያል። እዚያ ወይጦዎች በታንኳቸው ለዘመናት ኖረዋል፤ ውኃውን ልጅ ከአባቱ ይማረዋል። የእኛ ሐይቅ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ እኩያ ነው። ማን ያስተምር?

ግድብ ደግሞ ጠባዩ ከወንዝ ይለያል። ውኃው ወደ ተርባይን የሚገባው ከሥር ነው። ላይ ላዩ ዝም ያለ ሲመስል ከታች ይስባል። ከግድቡ በታች ደግሞ ሽቅብ የሚጓዘው ዓሣ ግንቡ ሲያግደው ይከማቻል። እዚያ መረብ መጣል ያጓጓል። ነገር ግን የማስተንፈሻው በር ሲከፈት ወይም ተርባይን ሲነሳ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፣ ጉልበት ላይ የነበረው ውኃ በደቂቃዎች ውስጥ ደረት ሊደርስ ይችላል። ሚኒሶታም ሆነ እዚህ፣ ዓሣውና አደጋው አንድ ቦታ ነው የሚሰበሰቡት።

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ከጓደኛው ጋር ዓሣ ሊያወጣ ሄዶ ነበር። መረቡ በሰጠመ ዛፍ ተያዘና ሲጎትቱ ጀልባዋ ተገለበጠች። ያተረፋቸው ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን ነው። «አጎቴ፣ ውኃው እኮ ምንም አይመስልም ነበር» አለኝ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለዚህ አይደል?

ስለዚህ ወንድሞቼ፣ ሐይቁን አትተዉት እያልኩ አይደለም። እንጀራ ነው፤ ብሉበት። ከግንቡና ከማስተንፈሻው ግን ራቁ፤ የተከለለውን ገመድ አትለፉ። ማስጠንቀቂያ ድምፅ ስትሰሙ መረቡን ለማዳን አትዘግዩ። ብቻችሁን አትግቡ። የዋና ጃኬት ከሌለ ቢያንስ ጀሪካኑን እሰሩ። ውኃው ሲቀንስ የትኛው ዛፍ የት ብቅ እንዳለ ለሚቀጥለው ሰው ንገሩ።

ሐይቁ ሽማግሌ የሚኖረው ዛሬ የሚያሰግሩት ልጆች በሰላም ወጥተው ሲያረጁ ነው።